አንድ ቅጂ ብቻ

ሰው አላምንም ነበር። ይህን የምጽፈው ለመመጻደቅም ለመናዘዝም አይደለም፤ ቀጥሎ የምተርከው ነገር ያለዚህ ዓረፍተ ነገር ስለማይገባችሁ ብቻ ነው።

በዚያን ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም አስተምር ነበር። ጎን ለጎንም በሌላ ከተማ ለሦስተኛ ዲግሪ ተመዝግቤ፣ በጉና ግርጌ ያሉ ገበሬዎች የገብስ ዘራቸውን እንዴት እንደሚመርጡና እንደሚያቆዩ ስድስት ዓመት አጥንቻለሁ። ጽሑፉ፣ ሠንጠረዦቹ፣ ከሽማግሌዎች አፍ የቀዳኋቸው ድምፆች ሁሉ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ነበሩ። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። በፍላሽ አልገለበጥሁም፤ ለራሴ እንኳ በኢሜይል አልላክሁም። ስንፍና አልነበረም። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ለአማካሪዬ በፍላሽ ሰጥቼ፣ ዓመት ሳይሞላ እኔ የለካሁትንና የቆጠርሁትን ሁሉ ስሜ በሌለበት ጽሑፍ ውስጥ አንብቤዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ቅጂ ማለት ለእኔ ሌላ እጅ ማለት ሆነ። ላፕቶፑን በይለፍ ቃል መቆለፍ አልበቃኝ ብሎ፣ ዲስኩ ተነቅሎ በሌላ ማሽን እንዳይነበብ ጭምር ቆልፌው ነበር።

ጥናቱን የማስረክበው ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ሁለት ጊዜ ተራዝሞልኛል፤ ሦስተኛ እንደማይኖር በጽሑፍ ተነግሮኛል። ሰዓቱ ካለፈ ምዝገባዬ ይሰረዛል፤ ስድስቱም ዓመት አብሮ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ቢሮ ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትሁ። ዋዜማውን ለቅሶ ልደርስ እናቴ ዘንድ፣ ወደ እብናት ሄጄ፣ ማታ ነበር የተመለስሁት። የቀረኝ የሁለት ሠንጠረዥ እርማትና የምስጋና ገጹ ነበር።

ቢሮውን የምጋራው ከይበልጣል ጋር ነው። ይበልጣል የዕድሜ እኩያዬ፣ ሳቁ ከኮሪደሩ ጫፍ የሚሰማ መምህር ነው። ከአራት ዓመት በፊት ለውጭ አገር ሥልጠና ተወዳድረን፣ የእኔ ነጥብ በልጦ ሳለ ዕድሉ ለእርሱ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ «አንቺ» ሲለኝ «እርስዎ» ብዬ እመልስለት ነበር። አክብሮት አልነበረም፤ አጥር ነበር።

«ዶክተራችን፣ ደህና አደርሽ? ጠላው መቼ ይጠመቃል?» አለኝ።

«ሥራ ላይ ነኝ። እርስዎም ቢሠሩ መልካም ነው።»

ሦስት ሰዓት ሆነና ክፍለ ጊዜዬ ደረሰ። ማያውን ቆልፌ፣ ላፕቶፑን እንደ በራ ጠረጴዛዬ ላይ ትቼው ወጣሁ። አምስት ሰዓት ስመለስ ክዳኑ ተገጥሟል። ገለጥሁት፤ ጨለማ ነው። ማስነሻውን ተጫንሁ። መብራቱ በራ፣ የፋብሪካው ምልክት ብቅ አለ፣ ጠፋ። ደግሜ ተጫንሁ። አሁን ምልክቱ እንኳ ሳይደርስ ጠፋ።

«ላፕቶፔን ማን ነካው?»

ይበልጣል ከሚያርመው የፈተና ወረቀት ቀና አለ። «ማን ይነካዋል? እንደ ወፍጮ ትርርር ሲል ቆየና ጆሮዬን በላው። ክዳኑን ገጠም ባደርገው ዝም አለ።»

«ነካሁት እያሉኝ ነው።»

«የሺወርቅ፣ ክዳን ገጠምሁ እንጂ ድስትሽን አልቀመስሁም።»

ሳቀ። ያ ሳቅ ለእኔ ማስረጃ ሆነ። ልብ በሉልኝ፤ የማስረጃን ምንነት ለተማሪዎች የማስተምር ሰው ነኝ።

ወረቀት አውጥቼ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደብዳቤ ጻፍሁ። መምህር ይበልጣል የማስረከቢያ ቀኔን እያወቁ፣ እኔ በሌለሁበት፣ በላፕቶፔ ላይ ሆነ ብለው ጉዳት አድርሰዋል የሚል ነው። መጀመሪያ «ጉዳት ሳያደርሱ አልቀሩም» ብዬ ነበር። ሰረዝሁትና «አድርሰዋል» አልሁ፤ የፊተኛው ደካማ መሰለኝ። በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ከመዝገብ ቤት «ገቢ» የሚል ማኅተም አስመታሁበት።

ኃላፊው ቆመው አነበቡት። በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ብታድሪበትስ?»

«አድሬበታለሁ፤ አራት ዓመት።»

ኃላፊው ዓርብ ስምንት ሰዓት ሁለታችንም ፊታቸው እንድንቀርብ ወሰኑ።

ከምሳ በኋላ ላፕቶፑን ይዤ ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ወዳለው ወደ ሙሉቀን ሱቅ ሄድሁ። ሙሉቀን የከተማውን ኮምፒዩተር ሁሉ የሚጠግን ጎልማሳ ነው። አንድ ጊዜ አስነሥቶ ምልክቱ ብቅ ብሎ ሲጠፋ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ዊንዶውሱ ነው የሄደ። ወድቆብዎታል?»

«አልወደቀም። ትናንት እናቴ ዘንድ ነበርሁ፤ ከቦርሳዬ አልወጣም።»

«አይጨነቁ መምህር፣ ፎርማት አድርገን ዊንዶውሱን እንደ አዲስ እንጭነዋለን፤ አንድ ሰዓት አይፈጅም።»

«ፋይሎቹስ?»

«ሲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ያለው ብቻ ነው የሚጠፋው። ሰው ሁሉ ዶክመንቱን ዲ ላይ ነው የሚያስቀምጥ።» ይህን እየተናገረ ፍላሹን ሰካ፤ ላፕቶፑም ከዚያ በፊት ካየሁት ረዘም ላለ ጊዜ በርቶ ቆየ። ሰማያዊው ማያ መጣ። ጣቱ ሁለት ጊዜ ተጫነ፤ ሁሉም ነገር ይጥፋ እንደሆነ የሚጠይቀው መስመር ተዘረጋ።

«የእኔ ዴስክቶፕ ላይ ነው» አልሁ።

«ዴስክቶፕማ ሲ ነው» አለ ጣቱን ሳያነሣ። «እሺ ልበለው?»

እጁን ያዝሁት። የማላውቀውን ወንድ እጅ ለቆመ ሰው ሁሉ በሚታይ ሱቅ ውስጥ አጥብቄ ያዝሁ። ማያው በራሱ ጠፋ።

ሙሉቀን እጁን አስለቅቆ ፍላሹን ነቀለ። «ካላመኑኝ ትርንጎ ዘንድ ይሂዱ። ያልፈታችው ነገር የለም፤ መግጠሙን እንጃላት።»

የትርንጎ ሱቅ ከገበያው በላይ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ትርንጎ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ናት። ጅዳ በሰው ቤት ስትሠራ፣ የቤቱ ጌታ የስልክ መጠገኛ ነበረውና ሙያውን ከዚያ እንደ ቀሰመች ኋላ ነገረችኝ። እኔ ግን ያን ቀን ያየሁት የስምንተኛ ክፍል ትምህርቷን ብቻ ነበር፤ በስንተኛ ክፍል እንዳቋረጠች ሳልቀመጥ ጠይቄያታለሁ።

«ስምንተኛ» አለች፤ አልተቀየመችም። «ይህ ደግሞ ስንተኛ ላይ አቋረጠ?»

መብራት ጠፍቶ፣ መስኮት የሌላት ክፍል ጨልማ ነበር። በባትሪው አስነሣችውና ጆሮዋን ከላፕቶፑ ጎን ለጠፈች። ጠፋ።

«ዛሬ ስንት ጊዜ አስነሣሽው?»

«አልቆጠርሁም።» እኔ አልቆጠርሁም ያልሁበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

«ከእንግዲህ እንዳትነኪው። ማራገቢያው አይዞርም። ይግላል፤ ሲግል ራሱን ያጠፋል። ሆዱ ደህና ነው፤ ትንፋሽ ነው ያጠረው።»

«አሁን ክፈችው።»

«በዚህ ጭለማ? ብሎኑ እኮ ከቅማል ያንሳል። ነገ ሁለት ሰዓት ነይ። እዚሁ ተይውና ሂጂ።»

«አልተውም።»

«እንግዲያስ አቅፈሽው እደሪ።»

እንዳለችኝ አደርሁ።

ዓርብ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሯ ላይ ቆምሁ። መብራት መጥቷል። ትርንጎ ነጭ ወረቀት ዘርግታ ላፕቶፑን በጀርባው አስተኛችው። እያንዳንዱን ብሎን ስትፈታ በወረቀቱ ላይ ልክ በነበረበት ቦታ አንጻር ታስቀምጣለች። ሙሉቀን ስለ መግጠም የተናገረው ሐሰት መሆኑን ተረዳሁ። የጀርባውን ክዳን በጥፍሯ ዙሪያውን ለቀቅ አድርጋ ስታነሣው፣ አንድ ነገር እንደ አሸዋ ሾለል ብሎ ወረቀቱ ላይ ፈሰሰ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ነጭ ጤፍ ነበር።

ትርንጎ ጤፉን አየች፣ እኔን አየች። «እኅቴ፣ ቢሮሽ ውስጥ ይወቃል?»

 በመርፌ ጫፍ የማራገቢያውን ክንፎች ስትቆረቁር ሌላ ጤፍ ወጣ፤ ከፊሉ ተፈጭቶ ከቅባቱ ጋር እንደ ሊጥ ተጣብቋል።

«ይህ ከጎታ የወጣ ነው» አለች። «የእኔም እናት ከዓረብ አገር የላክሁላትን ስልክ ጎታ ውስጥ ነበር የምታኖረው። ስደውልላት ከእህል ውስጥ ይጮሃል፤ እስክትዝቀው ይዘጋል።»

ረቡዕ መንደሩ ሁሉ ለቀብር ወጥቶ ነበር። እኔ ቀደም ብዬ ወደ ቀብሩ ስሄድ ቦርሳዬን ለእናቴ ትቼ ነበር፤ በዓለም ላይ የማምናት እርሷን ብቻ ነበርና። በአገራችን ለቀብር ቤቱ ባዶ ሲሆን ዋጋ ያለው ነገር የት እንደሚገባ አውቃለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጎታ ስቆጥር የኖርሁ ሴት ነኝ።

በዚያች ደቂቃ ደብዳቤውን አላሰብሁም ብል እዋሻለሁ። አሰብሁት። ይህን ጤፍ ያየን ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዷ ይበልጣልን አታውቀውም። ዝም ብል ማን ያውቃል ብዬም አሰብሁ። ይህን ሐሳብ ምን ያህል ጊዜ እንደያዝሁት በትክክል መናገር እችላለሁ፤ ትርንጎ ማራገቢያውን ጠርጋ እስክትጨርስ።

«ሰው ጠርጥረሽ ነበር እንዴ?» አለች ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም።

«አዎ።»

«ተናገርሽው?»

«ጻፍሁት።»

«ውይ!» መርፌውን አስቀመጠች። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? የተጻፈውማ ወዴት ይኬድበታል?» መልሳ መርፌውን አነሣች።

ማራገቢያው አልዳነም። በጣት ሲገፋ ጥቂት ዞሮ ይቆማል። ምትኩ ከባሕር ዳር ቢታዘዝ ሳምንት ይፈጃል። ትርንጎ ዲስኩን ነቅላ በራሷ ማሽን ልታነብበው አሰበች።

«አይነበብም» አልኋት። «በሌላ ማሽን እንዳይከፈት ቆልፌዋለሁ።»

«መፍቻ ቁጥር ይኖረዋላ?»

«አለው።»

«የት?»

«እዚያው ውስጥ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «አይ እቴ! ቁልፉን ሣጥን ውስጥ ከተሽ ሣጥኑን ቆለፍሽው? ከማን ልትሸሽጊ ነው፣ ከራስሽ?»

አንድ መንገድ ብቻ ቀረ። ላፕቶፑ ክዳኑ እንደ ተከፈተ፣ በጎኑ ቆሞ ይነሣል፤ እርሷ ማራገቢያውን በመርፌ እየገፋች በሌላ እጇ በካርቶን ታራግባለች፤ እኔ የይለፍ ቃሉን አስገብቼ በእርሷ ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ። እስኪግል ያለው ጊዜ የእኛ ነው። ምን ያህል እንደሆነ አናውቅም።

ተነሣ። የይለፍ ቃሉን ወደ እርሷ ሳልመለከት ጻፍሁ፤ አየችውም አላየችውም ግድ አልሰጠኝም። ዋናውን ማኅደር እንዳለ መርጬ ወደ ፍላሹ ላክሁት። መስመሩ ሲሶው ድረስ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ጨለማ።

«ምኑን ነው የላክሽው?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉን በአንዴ? ቤት ሲቃጠል መጀመሪያ ሕፃኑን ነው የሚያወጡ።»

እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። የውጭውን ባጃጅ ጡሩምባ፣ የእርሷን ትንፋሽ እሰማ ነበር። አምስት ሰዓት አለፈ። በሁለተኛው ሙከራ ዋናውን ጽሑፍና ሠንጠረዦቹን ብቻ ላክሁ። በጥቂት ሰኮንድ ገቡ። ፍላሹ ተነቅሎ በእርሷ ማሽን ሲከፈት፣ ስሜ ያለበትን የመጀመሪያ ገጽ አየሁ። እልል አላልሁም፤ ቁጭ አልሁ።

በሦስተኛው ድምፆቹን ላክን። ግማሽ ያህሉ ገብቶ ሳለ ጠፋ። አራተኛ የሚባል አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ መብራቱም አልበራ። ትርንጎ ካርቶኑን አስቀምጣ ክንዷን አሸች። ካልገቡት መካከል በስም የማውቀው አንድ ድምፅ አለ፤ አያ ደምሴ የሚባሉ ገበሬ የአካባቢውን ገብስ በየዓይነቱ እየጠሩ የተናገሩት ነው። አያ ደምሴ ሞተዋል። ከሞቱ በኋላ ልጃቸው «የአባቴን ድምፅ በስልኬ ጫኝልኝ» ብሎ ቢለምነኝ፣ ጥናቱ ሳይጠናቀቅ ቅጂ አይሰጥም ብዬ መልሼዋለሁ። ኋላ ዲስኩን ባሕር ዳር ድረስ ወስጄ አስመርምሬዋለሁ። አልተገኘም። ለልጁም ሄጄ ነግሬዋለሁ፤ ያለኝን ግን እዚህ አልጽፈውም።

የቀረኝን እርማት ጨርሼ፣ ቢሮ ካለው ኮምፒዩተር ጥናቱን ላክሁ። መድረሱ ሲረጋገጥልኝ ሰባት ሰዓት ከሩብ ነበር። የድካሙን ዋጋ ስጠይቃት ትርንጎ «ለሞተ ማሽን ገንዘብ አልቀበልም» ብላ ለፍላሹ ብቻ ተቀብላኛለች። ስምንት ሰዓት ሳይደርስ እናቴ ዘንድ ደወልሁ።

«እምዬ፣ ላፕቶፑን ረቡዕ የት አኖርሽው?»

«ጎታ ውስጥ ነዋ። ሰው ሁሉ ቀብር ወጥቶ፣ ባዶ ቤት ምን ልሁን ብለሽ? ቦርሳው በጎታው አፍ አልገባ ቢለኝ አውጥቼ ብቻውን ቀበርሁት። ምነው? ጎደለ?»

«ጤፉ ገባበት።»

«ውይ ልጄ! ንጹሕ እኮ ነው፤ የተበጠረ ጤፍ ነው!»

«ባቄላው ውስጥ ብታደርጊውስ?»

«ባቄላውንማ ነቀዝ ይዞታል። እንዳይበላብሽ ብዬ ነው» አለች። ጤፉን አስቀምጬልሻለሁ፣ ሲመቸኝ እልክልሻለሁ ብላ ዘጋች።

ስምንት ሰዓት ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ይበልጣል ቀድሞኝ ተቀምጧል። አልሳቀም። በወረቀት የጠቀለልሁትን ጤፍ ጠረጴዛው ላይ ፈታሁና የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርሁ። «ስሕተቱ የእናቴ ነው» ብዬ ጀምሬ አቆምሁ። «የእናቴ ስሕተት ላፕቶፑ ነው። ደብዳቤው የእኔ ነው» አልሁ።

ኃላፊው ጤፉን በጣታቸው ነካ አደረጉ። ይበልጣል ጤፉን አላየም።

«ጤፉ ባይገኝስ?» አለ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ትናንት ያ ሰውዬ ፎርማት አድርጎት ቢሆን። ወይ ማንም ሳይከፍተው እንደ ሞተ ቢቀር። እኔ ምን እሆን ነበር?»

ልዋሽ እችል ነበር። «እርስዎ እንዳደረጉት አምን ነበር» አልሁት።

«እስከ መቼ?»

«እስከ መጨረሻው።»

ተነሥቶ ወጣ። በሩን በዝግታ ነው የዘጋው።

ደብዳቤዬን ላወጣ መዝገብ ቤት ወረድሁ። ሠራተኛዋ በትሕትና አስረዳችኝ፤ ገቢ የሆነ ደብዳቤ አይወጣም፤ በላዩ ሌላ ደብዳቤ ይያያዝበታል እንጂ። ጻፍሁ። ስለዚህ በይበልጣል የግል ማኅደር ውስጥ በእጄ ጽሑፍ ሁለት ደብዳቤዎች አሉ፤ ክሱና ማስተባበያው። በቀን ቅደም ተከተል ስለሚገቡ፣ ማኅደሩን ከፊት የሚያገላብጥ ሁሉ የሚያገኘው ያኛውን ነው፤ «አድርሰዋል» የሚለውን።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ሰው ማመን ጀመርሁ ብላችሁ የምትጠብቁ ከሆነ አሳዝናችኋለሁ። አልጀመርሁም። አማካሪዬ ሥራዬን ወስዷል፤ ያ ሥልጠና የእኔ ነበር። እነዚህ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ስለ ሦስተኛው፣ ስለ ላፕቶፑ፣ ግን ምንም አልመሰከሩም። እኔ የደረሰብኝን በደል እንደ ምስክር ቆጥሬ የማላውቀውን ነገር አስመሰከርሁበት። መማር ከዚህ አላዳነኝም፤ ይልቁን ዓረፍተ ነገሩን አሳምሮልኛል። ዛሬ ቅጂ እይዛለሁ፣ በሰው እጅም አስቀምጣለሁ፤ «ሳይሆን አይቀርም» የሚለውንም ሐረግ አልሰርዝም። የተለወጠው ይህን ያህል ነው።

ባለፈው ዓመት ይበልጣል ለማዕረግ ዕድገት አመለከተ። ማኅደሩ ተከፈተና ኮሚቴው ሁለቱን ደብዳቤዎች አገኘ። ጠሩኝ፤ የማላውቃቸው አምስት ሰዎች ፊት ቆሜ ስለ ጎታውና ስለ ጤፉ ተናገርሁ። አንደኛው ሳቀ፤ ጠብቄ ቀጠልሁ። ይበልጣል ዕድገቱን አገኘ። አላመሰገነኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። አሁን ወደ ሌላ ተቋም ሊዛወር ነው አሉ፤ ማኅደሩም አብሮት ይሄዳል። ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ስልክ ቁጥሬን በሁለተኛው ደብዳቤ ግርጌ እንድጽፍ ትፈቅድልኝ እንደሆነ ጠየቅኋት። ፈቀደች። ሰውየውን እስከ ዛሬ አልወደውም። በተጠራሁ ቁጥር ግን እሄዳለሁ።